ሞተሯ ጠፍቶ ያፏጨችው ፒካፕ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። እናታችን ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ጆሮ የተባለውም ወዶ አይደለም፤ ረጅሙን ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ደንበኛ ችግሩን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት እጁን ያነሳበታል። «አንተ ቆይ፣ መጀመሪያ እሷ ትንገረኝ» ይላል። እሷ ማለት መኪናዋ ናት። ለሰው ወሬ ግን ይሄ ሁሉ ትዕግሥት የለውም። አንድ ጊዜ ትሆነዋለች ያልናትን ልጅ ቤት ጠርተን፣ ልጅቱ ስለ ራሷ ስታጫውተው እሱ በመስኮት በኩል የሚያልፍ የጭነት መኪና ያዳምጥ ነበር። «የኋላ ጎማው ኩሽኔት አልቋል» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ልጅቱም ወጣች፤ በሌላ በር።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ከጋራዡ ፊት ባለችው ጠባብ ክፍል መለዋወጫ እሸጣለሁ። በመሀላችን ያለው አንድ በር ነው፤ በዚያ በኩል እሱ የሚሠራውን ሁሉ አያለሁ፣ ያልተጠየቅኩትንም እመልሳለሁ። ምላስሽ ስለት አለው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ግን ከእኔ ምላስና ከእሱ ጆሮ አንድ ሙሉ ሰው ይወጣል፤ እንዲሁ ተደጋግፈን ኖረናል። ደግሞ አንድ ነገር ልመስክርለት። የላላ ብሎን አይቶ አያልፍም። የሌላ ሰው መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ቢያገኝ እንኳ ጎንበስ ብሎ አጥብቆ ነው የሚሄደው።

ፉጨት የምንለው ሾፌር የወንድሜ ጓደኛ ነበር፤ ምናልባትም ብቸኛው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከንፈሩ አርፎ አያውቅም፤ ሲሄድም ሲሠራም ያፏጫል፣ ጉርሻ አፉ ውስጥ ካልሆነ በቀር ዝም አይልም። ቀለሟ የተላጠ አሮጌ ባለ ናፍጣ ፒካፕ ነበረችው። ታች ካለው ገበያ ወደ ላይኛው ሰፈር ዕቃ ያመላልስባታል። ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወስደው መንገድ ደግሞ ዳገት ከሚባል ግድግዳ ቢባል ይቀላል። ፒካፗ ዳገቱን ስትይዝ እሷም እንደ ጌታዋ ታፏጫለች። ፉጨቷ ቀጭን ነው፣ ከታች ይነሳና ወደ ላይ እየተሳበ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ባልና ሚስት ብቻ ሳይሆን ሾፌርና መኪናም እየቆዩ ይመሳሰላሉ እያለ ይስቅ ነበር።

ዳገቱ ጫፍ ላይ እናቱ ይኖራሉ። የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ቆይቷል። አልጋቸው መንገዱን ከሚያየው መስኮት ሥር ነው፤ ውለው የሚያድሩት በጆሯቸው ነው ማለት ይቻላል። ፉጨቱ ከታች ሲሰማ «መጣ ልጄ» ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ እውነትም ይገባል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ፉጨት ሞተ። ዕቃ ጭኖ ሩቅ አገር ሄዶ፣ ካደረበት ቤት አልጋ ላይ ተኝቶ ቀረ። ልብ ነው አሉ። ሬሳውን ወደ አገሩ ያመጣችው ያቺው ፒካፕ ናት፤ የነዳት ታናሽ ወንድሙ ነው። የእናትየውም ልብ ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኛቸው ብሎ አስጠንቅቋል። ስለዚህ አብራቸው የምትኖረው የፉጨት አክስት «ትንሽ እስክትጠነክር አይነገራት» ብላ ፈረደች፤ ሁላችንም እሺ አልን። ቀብሩ ከዳገቱ ሥር፣ ያለ ጩኸት ተፈጸመ። ያ ሁሉ ሕዝብ አፉን በመዳፉ አፍኖ ሲያለቅስ፣ የሚሰማው የአካፋው ድምፅ ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ከቀብር መልስ ታናሹ አክስቱንና ጥቂት ሽማግሌዎችን ጭኖ ወደ ላይ ወጣ። ፒካፗ ዳገቱ ላይ አፏጨች። ቤት ሲገቡ እናትየው አልጋቸው ላይ ቀና ብለው፣ ፊታቸው በርቶ፣ «መጣ ልጄ» አሉ። አክስቲቱ እንደ ምንም «አዎ፣ ዕቃ ሊያራግፍ አለፍ ብሏል» አለች። ውሸቱን እንግዲህ ማንም ቁጭ ብሎ አልፈጠረውም። ያስጀመረችው ፒካፗ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ማቆም የሚችል ጠፋ።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ታናሹ እየነዳ ይወጣል፣ ፉጨቱ ይሰማል፣ እናት «መጣ» ይላሉ። አንዱን ቀን ደክሞት ተኝቷል፣ ሌላውን ቀን ጭነት አግኝቶ በዚያው ሄዷል ይባላሉ። ዳገቱ ዳር ያሉ ሰዎች ግን ፉጨቱን ሲሰሙ መስኮታቸውን መዝጋት ጀመሩ። ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ፣ ሰው እየላጨ ሳለ ፒካፗ ስታልፍ በመስታወቱ ውስጥ መሪውን ጨብጦ ያየው ሟቹን ነው ብሎ ይምላል። «የደንበኛህን ጆሮ ልትቆርጥ ስትል ደንግጠህ ነው» አልኩት። እኔ በሙት መንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ፉጨቱ ሲመጣ የምሠራውን ትቼ አዳምጥ ነበር፤ መደበቅ አልችልም።

ብርዱ በገባ ሰሞን፣ ጉሙ እስከ መንገዱ ወርዶ በተኛበት አንድ ከሰዓት፣ ታናሹ ፒካፗን ጋራዥ አስገባት።

«ጋሼ፣ ጉልበት የላትም» አለ። «ትናንት መታጠፊያው ላይ ጭነት እንደያዘች ቆመችብኝ። ነዳጅ ብረግጥ፣ ብረግጥ፣ ጥቁር ጭስ ብቻ። ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ፍሬኑም ሊይዝልኝ አልቻለም። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ባያግዳት ገደል ነበርኩ።»

ወንድሜ ሰው ሲያወራ እጁን አላነሳም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው እንዲህ ሲያደርግ ሳየው።

እኔ የሾፌሩን ወንበር እያየሁ ነበር። ፉጨት ረጅም ሰው ስለነበር ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ታናሹ አጭር ነው፤ ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነው የሚነዳው። «ይሄን ወንበር ለምን ወደ ፊት አታቀርበውም?» አልኩት። «የሱ ነው እኮ እትዬ» አለኝ።

«ሌላ ጋራዥ አሳይቻት ነበር» አለ ታናሹ ለወንድሜ። «ቱርቦው ሞቷል፣ ቀይረው አሉኝ።»

«ሞቷል ለማለት ሰው ሁሉ ይቸኩላል» አለ ወንድሜና ኮፈኑን ከፈተ።

አባታችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ማለት ይወድ ነበር። ወንድሜ ከሱ የወረሰው ይሄንኑ ነው፤ ሌላ የሚወረስ ነገርም አልነበረውም። የአየር ማጣሪያውን አወጣ፤ ንጹሕ ነው። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን የቱርቦውን ዘንግ በሁለት ጣቱ ይዞ ወዘወዘው፤ አልላላም፣ ሲሽከረከርም ዳሩን አይነካም። የተረፈውን ግፊት የምታስወጣዋን ትንሽ በር ገፋ አደረጋት፤ ተከፍታ ትዘጋለች። ከዚያ የግፊት ጌጅ አገናኝቶ፣ ታናሹን ከጎኑ አስቀምጦ እስከ ዳገቱ እኩሌታ ነዳት። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«መርፌዋ ትነሳለች፣ ትነሳለች፣ ልክ ፉጨቱ ሲጀምር ትወድቃለች» አለኝ። «ቱርቦውስ ጤነኛ ነው። አየሩን አፍኖ ይገፋል። ግን አየሩ ሞተሩ ጋ አይደርስም፤ መንገድ ላይ የሚያመልጥበት አለ። አየር ያጣ ናፍጣ ጭስ ነው የሚሆነው።»

«እና የሚያመልጥበትን ፈልገዋ።»

«እፈልጋለሁ» አለ፤ ግን ቶሎ አልተነሳም። ጨርቅ አንስቶ ንጹሕ የሆነውን እጁን ይጠርግ ጀመር። አውቀዋለሁ፤ ያልወደደው ነገር ሲኖር እንደዚያ ነው።

የአየር መግቢያውን አፍ በክዳን ደፈነ፤ በክዳኑ በኩል የኮምፕረሰሩን ቱቦ አስገባ። ሞተሯ ጠፍቷል። የባትሪዋን ገመድ ሳይቀር ነቅሎታል። እኔ የሳሙና ውኃ በጣሳ ይዤ ቆምኩ፤ ስንጥቅ ያለበት ቦታ ሲቀባ አረፋ ያወጣል። ከበሩ ወዲያ ያለው መንገድ በጉሙ ጠፍቷል። ኮምፕረሰሩ ሲያጓራ ቆይቶ ሞላና ራሱን አጠፋ፤ ጋራዡ ጭጭ አለ። ወንድሜ አየሩን ቀስ አድርጎ ለቀቀው።

ፒካፗ አፏጨች።

ከታች ተነስቶ፣ እየቀጠነ፣ ወደ ላይ ተሳበ። ዳገት ላይ የምንሰማው በሞተር ጩኸት የተሸፈነውን ነበር፤ አሁን ራቁቱን ወጣ። ከንፈር ያለው ሰው ድምፅ ነው። ሰው ቆሞ፣ ዘና ብሎ፣ ሥራ ፈትቶ የሚያፏጨው። ጣሳው ከእጄ ወድቆ ውኃው እግሬ ላይ ፈሰሰ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። የተከፈተውን ኮፈን አየ፣ የተነቀለውን ባትሪ አየ፣ ሾፌር የሌለበትን ወንበር አየ፣ ከዚያ ቃል ሳይተነፍስ ፊቱን ወደ እኛ እንዳዞረ የኋሊት ሄደ። ያን ቀን አላፌዝኩበትም።

ታናሹ ግን አልሸሸም። ግንባሩን መኪናዋ ጎን ላይ ደገፈና ቀስ ብሎ «ወንድም ጋሼ» አለ። ሰው ደጅ ቆሞ እንደሚጣራ ነው ያለው። ከዚያ መልስ የሚጠብቅ ይመስል አዳመጠ፤ ፉጨቱ ብቻ ቀጠለ። አንጀቴን በላው፤ ፈራሁም።

ወንድሜ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በታች በኩል ዳሰሰ፣ ዳሰሰና አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ፉጨቱ ቆመ። ጣቱን ሲያነሳ ተመለሰ። ደግሞ አሳረፈ፤ ቆመ። ለመፈለግ ብዙም አልደከመም፤ እጁ መንገዱን ያውቀው ነበር። አየሩን ዘጋና አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«አገኘኸው?» አልኩት።

«የት እንዳለ ድሮም አውቃለሁ» አለ። «የበሳሁት እኔ ነኝ።»

ነገሩን ቃል በቃል እየጎተትኩ ነው ያወጣሁት። ፒካፗ ድሮ ያ ቱቦ ተሰንጥቆ ታፏጭ ነበር። አዲሱን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ቀየረው፣ ፉጨቱም ጠፋ። ጓደኛው ፉጨት በማግስቱ ተመልሶ ጋራዥ መጣ፤ ያን ቀን ከንፈሩም ዝም ብሎ ነበር። «እማዬ መምጣቴን ሳትሰማ ገብቼ ትከሻዋን ብነካት፣ ደንግጣ ልትሞትብኝ ነበር» አለው። «እባክህ፣ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ተውልኝ። መምጣቴን በዚያ ነው የምታውቀው።» የላላ ብሎን አይቶ ማለፍ የማይችለው ወንድሜ ሚስማር በእሳት አግሎ የአዲሱን ቱቦ ሆድ በሳው። ለጓደኛው ሲል ከሙያው የወጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለእኔም አልነገረኝም። የሚስማር ቀዳዳ የነበረው ዓመት በዓመት እየተተረተረ ሄደ፤ አሁን ጭነት ሲበዛባት አፉን የሚከፍት ረጅም ስንጥቅ ሆኗል። ቆማ ላያት ምንም የላትም።

ታናሹ ሁሉንም ሰምቷል። መጥቶ ከወንድሜ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ጉልበቷን መልስልኝ፣ ድምፁን ግን ተውልኝ።»

«አይሆንማ። የሚያፏጨው እኮ ጉልበቷ ነው። እሱን ካልዘጋሁ ዳገቱን አትወጣም።»

«ፉጨቱ ከጠፋ እማዬ ትጠይቀኛለች። ምን እላታለሁ? እውነቱን ነግሬ ልግደላት? አሁንስ በየቀኑ ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ? ‹ፉጨቱን ይልክልኛል፣ እሱ ግን አይገባም፤ ምን ብበድለው ነው?› ትለኛለች። እሷ ፊት ማልቀስ አልችልም። ውጭም እንዳላለቅስ ሰው ይነግርብኛል ብዬ እፈራለሁ። እኔ ስገባ የምትጠብቀው እሱን ነው። አለሁ እንዴ እኔ?»

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። «እሷን ላለመግደል ብለህ አንተ መታጠፊያው ላይ ልታልቅ ነው?» አልኩት። «ከዚያስ? አንተንም አፋችንን አፍነን ልንቀብርህ ነው? ያቺ ምስኪን ሴትዮ አንድ ልጇ መሞቱን ሳታውቅ ሁለተኛው ሊጨመርላት! ይሄ ምሕረት ከሆነ ጭካኔ ምን ሊባል ነው?» ጮኼ እንደነበር ያወቅኩት ስጨርስ ነው። ወንድሜ ወለል ወለሉን ያያል።

«ቱቦ ስጪኝ እታለም» አለኝ በመጨረሻ።

አዲሱን ቱቦ አመጣሁለት። አስገባው፣ ማሰሪያዎቹን አጠበቀ፣ እንደ አዲስ የሳሙና ውኃ ቀብቶ አየር ለቀቀበት። አረፋ የለም፣ ድምፅ የለም። ታናሹ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ ምንም እንደሌለ ሲረዳ ፊቱን አዞረ።

«ሂድ ብዬ ብቻህን አልልክህም» አለው ወንድሜ። «ቀዳዳውን የበሳሁት እኔ ነኝ፤ ለእናትህ የምነግራቸውም እኔ ነኝ።» ለደንበኛ «ደህና ዋል» ማለት የሚከብደው ሰው ነው ይሄን ያለው። እኔም በሬን ቆልፌ ተከተልኳቸው።

ሦስታችን ፊት ተጣበን ተቀመጥን። ታናሹ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ነዳ። ፒካፗ ዳገቱን ያዘች፤ የጌጁ መርፌ ወጥታ ከወጣችበት አልወረደችም፤ መታጠፊያውን ሳትንገዳገድ አለፈችው። ደስ ሊለን በተገባ ነበር። ደስ ያለው ግን አልነበረም። በዚህ ሰዓት ፉጨቱን ሰምተው መስኮት የሚዘጉት ሰዎች ዛሬ አልሰሙምና መስኮቶቹ ሁሉ ክፍት ነበሩ። ከጉሙ ውስጥ ድንገት ስንደርስባቸው ይደነግጣሉ። አንዲት ሴት ፒካፗን አይታ፣ ድምፁን ስታጣ፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በፉጨት ከመምጣቷ ይልቅ ያለ ፉጨት መምጣቷ ባሰ። እኔ ራሴ ደጋግሜ ወደ ኋላ እዞር ነበር፤ ዳገቱ ሥር አንድ ሰው ጥለን የመጣን እየመሰለኝ።

አክስቲቱ በሩን ከፍታ ሦስታችንን ስታይ ገባት። በሁለት እጇ «አይሆንም፣ አይሆንም» አለችን። ወንድሜ «ይቅርታ» ብሎ አልፏት ገባ።

እናትየው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ» አለ ታናሹ።

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት ቆዩ። «ዛሬ ብቻህን መጣህ» አሉ። «ወንድምህን የት ጥለኸው መጣህ?»

ወንድሜ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ። መካኒኩ።»

«ጆሮ ነህ? የልጄ ጓደኛ?»

«አዎ እማማ። እማማ፣ ልጅዎ ሞቷል። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በተኛበት ነው ያረፈው፣ አልተሰቃየም። እኛ ነን የደበቅንዎት።»

ደረታቸውን ደረታቸውን ነበር የማየው፤ አሁን ቆመ፣ አሁን ቆመ እያልኩ። አክስቲቱ ግድግዳውን ይዛለች። እናትየው ግን አልተንቀሳቀሱም፤ እጃቸው ብቻ ብርድ ልብሱ ላይ የጠፋባቸውን ነገር ይፈልግ ነበር።

«ክረምቱ ሊገባ ሲል» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ማን ነው ሲያፏጭልኝ የከረመው?»

ወንድሜ ስለ ቱቦና ስለ ሚስማር መንገር ይችል ነበር፤ እውነትም ነው። እሱ ግን «እኔ ነኝ እማማ» አለ።

«እስቲ አሁን አፏጭልኝ።»

ከንፈሩን አሾለ። ነፋ፤ ድምፅ አልወጣም። ምራቁን ውጦ እንደገና ነፋ። እንባው አገጩ ላይ ይወርዳል፣ እሱ ይነፋል። የእናትየው እጅ በአየር ላይ ፈልጎ ፊቱን አገኘው፤ ጉንጩን ነካ፣ ከዚያ ከንፈሩን። መዳፋቸውን ከአፉ ፊት አድርገው ትንፋሹን ተቀበሉት።

«አየር ብቻ ነው» አሉ።

«አዎ እማማ» አለ ወንድሜ። «አየር ብቻ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው የጮኹት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ የዋጠው ጩኸት በአንድ ጊዜ ከሳቸው ወጣ፤ አክስቲቱም ተቀበለች፣ እኔም ተቀበልኩ፣ ከጎረቤት ሰው እየሮጠ መጣ። ልባቸው ይቆማል ብለን የሠጋንላቸው እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። ወለሉ ላይ የተዘረረው ታናሹ ነው፤ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንዲት ጊዜ እንኳ ድምፅ አውጥቶ አላለቀሰማ። እናትየው ለቅሷቸውን ገታ አድርገው አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን ወደ እሱ ዘረጉ።

«ና ወደዚህ፣ የኔ ልጅ» አሉት። «አልቅስ። አንተም እኮ ወንድም ሞቶብሃል።»